ኦርኬስትራ ለወሎ ባዳ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ላይ ስለ ሙዚቃ ወሬ ሲነሳ የማያገባው ሰው የለም። ሠርግ ላይ ዘፈን ያልተቀበለ፣ መንዙማ ሲባል ሰምቶ ያላደገ፣ ማሲንቆ በቅርቡ ያላየ ጥቂት ነው። ወሬው ወደ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ ማለትም የክር፣ የትንፋሽና የምት መሣሪያ ይዞ የተጻፈ ሙዚቃ አብሮ ወደሚጫወተው ትልቅ ቡድን ሲዞር ግን ሁሉም እጁን ያነሳል። «እሱ የፈረንጅ ነው» ይባላል። «የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ ምን ዋጋ አለው?» ይባላል። «ቅኝታችንን ያበላሽብናል» የሚልም አለ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው አምናለሁ። የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ ከማንም በላይ የሚመለከተው እንደ ወሎ የራሱ ድምፅ ያለውን አገር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ክላሲካል የፈረንጅ ነው፣ ወሎን አይመለከትም»

ቫዮሊኑም፣ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያም፣ የኦርኬስትራው አቀማመጥም ከአውሮፓ መምጣቱ እውነት ነው። ስህተቱ «ስለዚህ ከእኛ ጋር አይገናኝም» ሲባል ይጀምራል።

የክላሲካል ሙዚቃ አንዱ ትልቅ መሠረት ዜማን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ወሎ እንግዳ አይደለም። አማራ ሳይንት ያለችውን ተድባበ ማርያምን አስቡ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማውን ምልክት ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተድባበ ማርያም ሊቃውንት ነበሩ። ዘመኑ ዐፄ ገላውዴዎስ የነገሡበት ነው፣ ከ1540 እስከ 1559። ድጓውን ገልጣችሁ ካያችሁ ከቃላቱ ላይ በትንንሹ የተጻፉ ፊደላት አሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሳሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉት ምልክቶችም አሉ። የአውሮፓው ኖታ አንድ በአንድ ድምፁን ይጽፋል፣ የእኛው ደግሞ ሐረጉን ይጠራል። አሠራሩ ይለያያል። ሁለቱም ግን ዜማ ከደራሲው ሞት በኋላ እንዲኖር የተደረጉ ናቸው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ። ቀጥሎም ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊኒስት ዘንድ ተማሩ። ከዚያ ወጣቷ የሙዚቃ ሰው ሁሉን ትተው የመነኮሱት የት ነው? አምባሰል፣ ግሸን ማርያም። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ላይ የሚሰማው ፒያኖ ቤተ ክህነቱንም፣ ትዝታውንም፣ የአውሮፓውን ትምህርትም አንድ ላይ ይዟል። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ዛሬ ዓለም ላይ ስማቸውን የሚያውቅ የፒያኖ አድማጭ ብዙ ነው። ግሸን የእሳቸው ታሪክ አካል መሆኗን የሚያውቅ ወሎዬ ግን ያን ያህል አይደለም፣ ይኼ ያሳዝነኛል።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም አለ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በኋላ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ተማረ። በ2014 ባወጣው አልበም ውስጥ አንዱ ሥራ ስሙ «አምባሰል» ነው።

«ድምፃዊ የሌለበት ለስላሳ ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው»

አይደለም። በኪቦርድ የተጫወቱት የፍቅር ዘፈን ግጥሙ ስለወጣ ክላሲካል አይሆንም። በተቃራኒው ክላሲካል ውስጥ ድምፃዊ ሞልቷል። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ (ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ ነው) በ1824 ሲቀርብ አራት ሶሎ ድምፃውያንና ሙሉ መዘምራን ነበሩት። ለስላሳ ነው የሚለውም ልክ አይደለም፣ የሚያስደነግጥ ጩኸት ያለበት ሲምፎኒ ብዙ ነው። ሐዘን ሲሆን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚያሰሙን ዝግታ ያለውን ስለሆነ ብዙ ሰው ከለቅሶ ጋር አያይዞታል። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ደራሲው አንድ ትንሽ ሐሳብ ያነሳል፣ ያዞረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ከሌላ ጋር ያጋጨዋል፣ ሩቅ ወስዶ ይመልሰዋል።

«የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ የዋና ከተማው ደካማ ቅጂ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ታሪኩ ራሱ ይክደዋልና።

ጆሴፍ ሃይድን የሲምፎኒ አባት ይባላል። ሥራውን የት ሠራ? ለብዙ ዓመታት የኤስተርሃዚ መሳፍንት ተቀጣሪ ነበር። ከቪየና ርቆ፣ ረግረጋማ በሆነ የሃንጋሪ ገጠር በተሠራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሃያ ብዙም ከማይበልጡ ተጫዋቾች ጋር ይሠራ ነበር። ከዓለም ተለይቶ መኖሩ የራሱን መንገድ እንዲፈልግ እንዳስገደደው ኋላ ራሱ ተናግሯል። በየቀኑ አንድ ኦርኬስትራ በእጁ ነበር፣ ይሞክራል፣ ይሰማል፣ ያስተካክላል። ዋና ከተማ ያለ ደራሲ ይህን ዕድል በቀላሉ አያገኝም።

ብራምስስ? አራተኛ ሲምፎኒውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው በርሊን ወይም ቪየና አይደለም። ማይኒንገን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1885። ኦርኬስትራው 50 ያህል ሰው ነበረው። መሪያቸው ሃንስ ፎን ቢውሎ በልምምድ የማይቀልድ ሰው ስለነበር፣ ብዙውን ሥራ በቃል አጥንተው፣ ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ቆመው ይጫወቱ ነበር። ብራምስ የሄደው ለዚያ ጥራት ነው። የ21 ዓመቱ ሪቻርድ ሽትራውስም ያኔ እዚያው ረዳት መሪ ሆኖ ሥራ እየተማረ ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ የእንግሊዟ በርሚንግሃም አለች። በ1920 ኦርኬስትራ አቋቋመች። በ1980 ሳይመን ራትል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት መሪ አደረገች። አብረው አደጉ። ሰውዬው በ2002 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆነ። ፊንላንድ ደግሞ ላህቲ አለች፣ 120,000 ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ከደሴ የማትበልጥ ከተማ። የከተማዋን ኦርኬስትራ ኦስሞ ቫንስካ ከ1988 ጀምሮ ለ20 ዓመት መራው። ያ የከተማ ኦርኬስትራ የሲቤሊየስን ሥራዎች ቀርጾ ዓለም አዳመጠው። የአገራቸውን ደራሲ ከማንም አስበልጠው ያውቁት ነበር፣ ያንኑ አሰሙ።

የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ ቦታው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም የሚጫወተውን ይጫወታል፣ ከዚያ ላይ ሌላው ሊጫወተው የማይችለውን ይጨምራል።

«ኦርኬስትራ ቅኝታችንን ያበላሻል»

ይሄ ስጋት ተገቢ ነው። ረጋ ብለን እንየው።

ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አምባሰልን ውሰዱ። ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ያንን ጥብቀትና ስፋት እየተፈራረቀ ስትሰሙት ነው ሆድ የሚባባው። አንቺሆዬ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል።

አሁን ፒያኖና ኪቦርድ ላይ ያለውን ችግር እዩ። አንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከሚቀጥለው ዶ ያለው ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ተከፍሎ ተቆልፏል። ማሲንቆ ግን ቁልፍ የለውም። ጣት ክሩ ላይ የሚያርፈው ጆሮ በፈቀደው ቦታ ነው። አንዳንዱ ድምፅ ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ፣ አንዳንዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቅኝታችንን የሚያጠፋው ነገር ካለ በየሠርጉ የቆመው ኪቦርድ ይቀድማል እላለሁ።

ቫዮሊንን ስታዩት ደግሞ ሌላ ነው። እሱም ቁልፍ የለውም። ቪዮላም፣ ቼሎም፣ ደብል ቤዝም የላቸውም። ደጋናቸው እንደ ማሲንቆው ሁሉ የፈረስ ጭራ ነው። ጆሮው አምባሰልን የሚያውቅ ቫዮሊን ተጫዋች ማሲንቆው ያረፈበት ቦታ ያርፋል። የኦርኬስትራው አብዛኛው ሰው ደግሞ የክር ተጫዋች ነው።

እውነተኛው አደጋ ያለው የሚጽፈው ሰው ላይ ነው። ከአምባሰል ዜማ ሥር የአውሮፓን አኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ዝም ብሎ ከደረደረበት ቅኝቱ ይሞታል። አኮርዶቹ የተሠሩት ከሰባት ድምፅ ነው፣ ቅኝታችን አምስት ነው። ስለዚህ የሌሉ ድምፆች ይገባሉ፣ ያ ጠባብ ርቀት ይዋጣል። ሌላ መንገድ ግን አለ። አንድ ድምፅ ከሥር እየዘለቀ ዜማው ከላይ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ድምፃዊን እንደሚከተለው አንዱን ዜማ ፍሉቱም፣ ቫዮሊኑም፣ ክላርኔቱም እያንዳንዱ በራሱ ጌጥ እንዲከተለው ማድረግ። ወይም በመንዙማው እንደለመድነው አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፣ ከሥር ድቤ ይመታል። ይሄ ለኦርኬስትራ የተመቸ ነገር ነው።

ሃንጋሪዎች ይህንን አልፈውታል። ደራሲዎቻቸው ባርቶክና ኮዳይ በ1905ና በ1906 አካባቢ ጀምረው በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ቀረጹ፣ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ኦርኬስትራቸው የራሱን ቋንቋ ያገኘው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም የአገራችንን ዜማ ከአውሮፓ መሣሪያ ጋር በማገናኘት ደክሟል። የቀረው ሥራ ብዙ ነው። የሚሠራው ደግሞ ባቲ ገበያ ላይ የሰማውን ዜማ በጆሮው ይዞ የመጣ ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ።

«መሪው እጁን ከማወዛወዝ በቀር ምን ይሠራል?»

ማሕሌት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለበትም። መሪጌታ ሲጀምር፣ ሲያዘገይ፣ ሲያፋጥን፣ መቋሚያው ሲወዛወዝ፣ ጸናጽሉና ከበሮው መቼ እንደሚገባ ሲጠብቅ ዝም ብሎ ማየት ይበቃል። የኦርኬስትራ መሪም እንዲሁ ነው። የሁሉም ሰው ኖታ ያለበት መጽሐፍ እሱ ጋ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ብቻ ነው የሚያየው። አብዛኛው ሥራ ያለቀው በልምምድ ላይ ነው፣ የትኛው መሣሪያ ቀስ ይበል፣ የትኛው ይውጣ፣ ትንፋሽ የት ይወሰድ።

ትንሿ ዘንግ ሳትመጣ በፊት አውሮፓም ረጅም በትር ወለል ላይ እየመቱ ጊዜ ይጠብቁ ነበር። የፈረንሳዩ ዣን ባፕቲስት ሉሊ በ1687 እንዲህ ሲመራ በትሩን የእግሩ ጣት ላይ አሳረፈው። ቁስሉ መርቅዞ በዚያው ሞተ።

«መቶ ሰው፣ ውድ መሣሪያና ትልቅ አዳራሽ ካልተገኘ አይጀመርም»

የኮንጎዋን ኪንሻሳን እዩ። አርማን ዲያንጊየንዳ ፓይለት ነበር፣ ሥራውን አጣ። በ1994 አንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቋቋመ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ነበሩ። በጥቂት መሣሪያ እየተፈራረቁ ተለማመዱ። የቫዮሊን ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ተጠቅመዋል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኦርኬስትራ ነው።

መጀመሪያ 15 ወይም 20 የክር ተጫዋች ይበቃል። ለክር ብቻ የተጻፈ ታላቅ ሥራ ሞልቷል። እንደ ኦቦ፣ ባሱንና ሆርን ያሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች በእርግጥ ይከብዳሉ፣ መምህር ማግኘቱ ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ያስቸግራል። የደሴም አየር ቀላል አይደለም። ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፣ በጋው ሲደርቅ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ቫዮሊን ያለው ሰው ፀሐይ ላይ አያስቀምጠው። ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። በዓለም ላይ በትኬት ብቻ የሚኖር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እምብዛም የለም። ከተማው፣ መንግሥት ወይም ባለሀብት ካልደገፈው አይቆምም። የላህቲውን የከተማው አስተዳደር ነው የያዘው።

ደሞም አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በ1893 የተመሠረተው የእንግሊዙ የቦርንማውዝ ኦርኬስትራ የደቡብ ምዕራቡን ክፍል ከተማ ለከተማ እየዞረ ነው የሚያገለግለው። የወሎ ኦርኬስትራ ቢኖር ደሴ ተወስኖ መቅረት የለበትም። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ፣ መካነ ሰላም መድረስ አለበት። አራት ሰው እንኳ ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ይዞ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መጫወት ይችላል።

«የተማረ ሰው ብቻ ነው የሚገባው»

ጆሮ ያለው ሰው ይገባዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የምትሰሙትን ዜማ ያዙና ተከተሉት። መቼ ጠፋ? ማን ነጠቀው? ሲመለስ ተቀይሯል? ይህ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።

«መቼ እንደሚጨበጨብ አላውቅም፣ አፍራለሁ» የሚልም አለ። ሲምፎኒ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ ዛሬ የሚጨበጨበው መጨረሻ ላይ ነው። ያ ልማድ ግን ኋላ የመጣ ነው። የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ በ1813 ቪየና ላይ ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ ሲቀርብ፣ ሰዉ ሁለተኛው ክፍል እንዳለቀ ይደገም ብሎ አስደግሞታል። ደሴ ላይ ሰው በመሃል ቢያጨበጭብ፣ እልል ቢል፣ ቤትሆቨን ያልለመደው ነገር አልሆነም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚቻል ከሆነ የቫዮሊን ተጫዋቾቹ ጣት በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ አስቀምጧቸው።