በባርነት ያደገ ዓይን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ኦሪት ዘኁልቁን አብረን እንድናይ እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችን ጀምረን የምንተወው መጽሐፍ ነው። የሕዝብ ቆጠራው፣ የነገዱ ዝርዝር፣ የሰፈሩ አቀማመጥ ያደክማል። ግን ሰው በልጅነቱ የኖረበት ነገር ዕድሜውን ሙሉ እንዴት እንደሚከተለው ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ምዕራፍ 11 ላይ ሕዝቡ ያለቅሳል። በረሃ ላይ ናቸው፤ መና ከሰማይ ይወርድላቸዋል። እነሱ ግን የግብፅ ዓሣ ትዝ አላቸው። ዱባው፣ በጢኹ፣ ኩራቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ። አንድ በአንድ ይጠሩታል። ያለ ዋጋ እንበላው ነበር ይላሉ። ያለ ዋጋ! ጭቃ እየረገጡ ጡብ ሲሠሩ ኖረዋል። ገለባውን ራሳችሁ ፈልጉ ተብለዋል። ጡቡ ሲጎድል ተገርፈዋል። ወንድ ልጆቻቸው ወንዝ እንዲጣሉ አዋጅ ወጥቶባቸዋል። ይህን ሁሉ ከፍለው "ያለ ዋጋ" አሉት። በሙሴ ላይ የተነሡት ዳታንና አቤሮን ደግሞ ከዚህም አለፉ፤ ምዕራፍ 16 ላይ ግብፅን ወተትና ማር የምታፈስስ ምድር ብለው ጠሯት። እግዚአብሔር ለከነዓን የሰጠውን ስም ወስደው ለባርነት ቤታቸው ሰጡት።

በስብከት ብዙ ጊዜ "ምስጋና ቢሶች" ተብለው ይታለፋሉ። እውነት ነው፣ አጉረምርመዋል፤ ተቀጥተውበታልም። እኔን ግን ያሳዝኑኛል። እነዚህ ሰዎች ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ጌታ ፈርዖን ነው። በእነሱ ኑሮ ጌታ ማለት የሚያሠራ፣ የሚያስገርፍ፣ ልጅ የሚገድል ነው። እግዚአብሔር መጥቶ "እኔ አምላካችሁ ነኝ" ሲላቸው ልባቸው ወደሚያውቀው ጌታ ሄደ። ለዚህ ነው ትንሽ ችግር ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚሉት፦ ልትገድሉን ነው ያወጣችሁን። ባሕሩ ዳር ቆመው አሉት። ውኃ ሲጠማቸው አሉት። ሰላዮቹ ሲመለሱም ደገሙት። ባሕር ከፍሎ ያሻገራቸውን አምላክ እንደ ፈርዖን ነበር የሚያዩት።

ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምትም እንዲሁ ነበር። 12 ሰላዮች ከነዓንን 40 ቀን ዞረው አዩ። ለሁለት የሚሸከሙት የወይን ዘለላ ይዘው መጡ። ምድሪቱ መልካም መሆኗን አልካዱም። ግን አሥሩ ግዙፎቹን የዔናቅ ልጆች አይተው ተሸበሩ፤ በዓይናችን እንደ አንበጣ ነበርን፣ በእነሱም ዓይን እንዲሁ ነበርን አሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ በራሳቸው ዓይን አነሱ። ከዚያ ሌላው ሰውም እንደዚያ እንደሚያያቸው እርግጠኛ ሆኑ። ማን ጠየቃቸው? ማንስ ነገራቸው?

እውነቱን የምንሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ከረዓብ ነው። ኢያሱ 2ን ክፈቱ። ረዓብ የኢያሪኮ ሴት ናት፤ የአገሯን ሰው ወሬ ታውቃለች። እግዚአብሔር ባሕሩን እንዳደረቀላችሁ ከሰማን ጀምሮ ልባችን ቀለጠ፣ ነፍስ አልቀረልንም አለች። አሥሩ ሰላዮች አንበጣ ነን ብለው ሲያለቅሱ፣ የከነዓን ሰዎች እነሱን ፈርተው ይንቀጠቀጡ ነበር። በጅራፍ ሥር ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይገምታል? ማንም ፈርቶት አያውቅም። ማንም አክብሮት አያውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ራሳችን ቤት እንመልከት።

ልጅነት ማርና ወተት ነው ይባላል። የታደለው እንዲህ ያስታውሰዋል። እኛ ግን፣ የሚወዱን ወላጆቻችን ጭምር፣ ሳያስቡት ያስለመዱን አንድ ነገር አለ። ልጅ አልተኛም ሲል "ጅብ መጣልህ!" እንላለን። አልበላም ሲል "ጅብ ይበላሃል!" ልጅ ሲዋሽ ወይም ስኳር ሰርቆ ሲቅም ደግሞ "እግዜር ይቆርጥሃል!" እንለዋለን። አያችሁት? በሕፃኑ ጆሮ ጅቡና እግዚአብሔር አንድ ሥራ ያላቸው ሆኑ። ሁለቱም ከጨለማ ውስጥ ሆነው የሚጠብቁት ናቸው። ልጁ ሲያድግ ጅቡን ይረሳዋል። እግዜርን ግን አይረሳውም። 30 ዓመት ሞልቶት፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር ይዞ፣ አንድ ነገር ሲበላሽበት "ምን አድርጌው ነው የሚቀጣኝ?" ይላል። ልጁ ሲታመም "በኔ ኃጢአት ነው" ይላል። ደስ ሲለው እንኳ ይፈራል፤ አሁን ደግሞ ምን ሊመጣብኝ ነው እያለ። ጸሎቱ ልመና ሳይሆን ማባበል ይሆናል።

አባት እንዲሁ ነው። "አባታችን ሆይ" ብለን የምንጸልየው በሥጋ አባታችን በኩል አባትነትን አውቀን ነው። አባቱ ሲገባ ቤቱ ጸጥ የሚልበት ልጅ አለ። የበሩ ድምፅ ሲሰማ እንደ ተኛ የሚያስመስል ልጅ አለ። ይህ ልጅ አድጎ አቡነ ዘበሰማያትን ሲደግም አፉ ይላል፣ ልቡ ግን አሁንም የበሩን ድምፅ ይሰማል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ሆይ ልጆቻችሁን አታስቆጡ፣ ልባቸው ይዝላልና ያለው ቀላል ነገር አይደለም። ልቡ የዛለ ልጅ ልቡ እንደ ዛለ ሊያድግ ይችላል።

እግዚአብሔርን መፍራት አናስተምር እያልኩ አይደለም። የጥበብ መጀመሪያ ነው። ግን መፍራትና መሸሽ ይለያያሉ። አዳም የሸሸው ከበደለ በኋላ ነው። ልጆቻችንን ገና ሳይበድሉ እንዲሸሹ ማስለመድ የለብንም።

ወደ ዘኁልቁ እንመለስ። ምዕራፍ 14 ላይ እግዚአብሔር ከባድ ፍርድ ፈረደ። ከ20 ዓመት በላይ ሆነው የተቈጠሩት፣ ከሰላዮቹ መካከል ካልፈሩት ከካሌብና ከኢያሱ በቀር፣ ከነዓን አይገቡም። ልጆቻቸው ግን ይገባሉ። ወላጆቹ "ልጆቻችን ለንጥቂያ ይሆናሉ" ብለው ያለቀሱላቸው እነዚያው ልጆች። እነዚህ ልጆች ያደጉት በረሃ ውስጥ ነው። ዳስ እንጂ ቤት አያውቁም። ግን በየማለዳው ሲነሡ ምግባቸው ከሰማይ ወርዶ ይጠብቃቸው ነበር። ለሰንበት ደግሞ በዋዜማው እጥፍ ይሆናል። ቀና ሲሉ ደመናው አለ፤ ሌሊት ዓምደ እሳቱ አለ። ልብሳቸው በላያቸው አላረጀም፤ እግራቸው አላበጠም ይላል ዘዳግም። ሲያድጉ የሚያውቁት ጌታ የሚያበላ፣ የሚመራ፣ የሚያለብስ ነው።

ልዩነቱ ኢያሪኮ ላይ ታየ። ወላጆቻቸው ባሕሩን ተሻግረው ሦስት ቀን ውኃ ሲያጡ አጉረምርመው ነበር። ልጆቹ ግን ግንብ ያላትን ከተማ ሰባት ቀን ዞሩ። ድምፃችሁ አይሰማ ተባሉ፤ ዝም ብለው ዞሩ። ስድስት ቀን ምንም አልሆነም። ሆኖም ልትገድለን ነው ያመጣኸን ብሎ ያጉረመረመ አንድ ሰው እንኳ መጽሐፉ አይጠቅስም። ፍጹማን ነበሩ ማለቴ አይደለም። እነሱም በመንገድ አጉረምርመዋል፤ ከሞዓብ ሴቶች ጋርም ወድቀዋል። ግን ሲነሡ የሚነሡበት ነገር በልጅነታቸው ተቀምጦላቸዋል።

አሁን እኔን በጣም የሚያጽናናኝን ልንገራችሁ። እነዚህን ልጆች ማን አሳደጋቸው? እነዚያው ፈሪ ወላጆች ናቸው! ሽንኩርቱ የሚናፍቃቸው፣ ራሳቸውን አንበጣ ያሉት። እግዚአብሔር ልጆቹን ከእነሱ ወስዶ ለሌላ አልሰጠም። ዙሪያውን ቀየረላቸው እንጂ። አባትየው ልቡ ግብፅ ቢሆንም ማለዳ ልጁን ይዞ መና ሊለቅም ይወጣ ነበር። ደመናው ሲነሣ ድንኳኑን ነቅሎ ይነሣ ነበር። ልጁ ከአባቱ ንግግር ሳይሆን ከዚያ ልቅሚያ ተማረ።

ስለዚህ "እኔ ራሴ እምነቴ ደካማ ነው፣ ለልጄ ምን አስተምራለሁ?" የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በቃ። ሁሉን እስክታውቁ አትጠብቁ።

የአባቶቻችን ጥበብ እዚህ ላይ ይገርመኛል። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያስጠምቃሉ፤ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ሕፃኑ ምን ያውቃል የሚል ሰው አለ። ዕጣኑን ያውቃል። ጸናጽሉን፣ ከበሮውን፣ የእናቱን ነጠላ ያውቃል። የካህኑ መስቀል ግንባሩን ሲነካው ያውቃል። በአብነት ትምህርት ቤትም ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ ፊደለ ሐዋርያ ይቀጥላል፤ እሱም የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት ነው። እንዴት እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ? የሰማነውን፣ በዓይኖቻችን ያየነውን፣ እጆቻችን የዳሰሱትን እያለ ነው። ማንበብ የሚጀምር ሕፃን በጣቱ ወይም በስንደዶ ፊደሉን እየነካ የሚያነበው ቃል ይህ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ እግዚአብሔር ብርሃን ነው፣ ጨለማም በእርሱ ዘንድ ከቶ የለም ይላል። ከጅቡ ማስፈራሪያ ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ግን እናጓድላለን። ኦሪት ዘጸአት 12 ልጆቻችሁ ይህ አገልግሎት ምንድር ነው ሲሏችሁ መልሱላቸው ይላል። ኢያሱም ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች አውጥቶ ጌልገላ ላይ ያቆመው ልጆች እንዲጠይቁ ብሎ ነው። ልጅ እንዲጠይቅ ተብሎ ሐውልት ተተከለ! እኛ ግን ልጁ በቅዳሴ መሃል "ለምንድን ነው ጫማ የምናወልቀው?" ሲል "እሽ! ዝም በል!" እንላለን። እሺ፣ በቅዳሴ ሰዓት ዝም ይበል። ስንወጣ ግን ማን መለሰለት? ይህ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችን ይመለከታል። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ የሚያድገው ልጅ ግእዙን አይሰማም፣ አማርኛውም ይከብደዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ጥያቄውን የሚያከብርለት ሰው ያገኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ "ዝም በል" ብቻ ከሰማ፣ እግዚአብሔር ጥያቄ የማይወድ አምላክ ነው ብሎ ያድጋል። ሌሊት ሠርታችሁ፣ እንቅልፍ ሳትጠግቡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ዋጋችሁ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው። ስትመለሱ መኪና ውስጥ "ዛሬ ምን አየህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ዘዳግም 6 በመንገድ ስትሄድ ተጫወተው ይላል።

መጨረሻ ላይ፣ ልጅነታቸው ራሱ ግብፅ ለነበረባቸው ወገኖች። የተገረፋችሁ፣ የተሰደባችሁ፣ "አንተ ምንም አትሆንም" እየተባላችሁ ያደጋችሁ። ይህን ያደረጉባችሁም ምናልባት እንደዚያው ሆነው ያደጉ ናቸው። ጠባሳው እውነት ነው፤ በአንድ ስብከት አይጠፋም። ግን ካሌብንና ኢያሱን እዩአቸው። ኢያሱም ባርያ ነበር። ዘጸአት 33 ግን ብላቴናው ኢያሱ ከመገናኛው ድንኳን አይለይም ነበር ይላል። ሙሴ ወደ ሰፈር ሲመለስ እሱ እዚያው ይቀራል። ያደገበትን ቦታ እሱ አልመረጠም፤ የሚቆይበትን ቦታ ግን መረጠ። እናንተም እንዲሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ቁስላችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ኃጢአት ብቻ አይደለም የሚነገረው። የሚሰማችሁና የማይቸኩል ካህን ፈልጉ። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና አማካሪ ካስፈለገም ሂዱ፤ እምነት ማጣት አይደለም። ከደጉ ሰው ጋር ዋሉ። መዝሙረ ዳዊትን ድገሙ፤ ዳዊት አባቴና እናቴ ትተውኛልና እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ ብሏል።

ካሌብ ደግሞ ሲሰልል 40 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከሁለት ዓመት ያህል በቀር ሁሉንም ያሳለፈው በግብፅ ነው። እንደ አሥሩ ያንኑ ጅራፍ አይቷል፤ ያንኑ ሽንኩርት በልቷል። እግዚአብሔር ግን ሌላ መንፈስ ከእርሱ ጋር ነበር ብሎ መሰከረለት። በ85 ዓመቱ ኢያሱ ፊት ቆሞ ያንን ተራራ፣ የዔናቅ ልጆች ያሉበትን፣ ስጠኝ አለ። አሥሩ አንበጣ ነን ያሉት በእነዚያው ሰዎች ፊት ነበር።

ካሌብ ሴት ልጅ ነበረችው፤ ዓክሳ ትባላለች። ኢያሱ 15 ላይ ታሪኳ አጭር ነው። ለጎቶንያል ተድራ፣ መሬት ተሰጥቷት፣ መሬቱ ግን ደረቅ ነበር። ወደ አባቷ መጣች፤ ከአህያዋ ወረደች። አባቷ "ምን ትፈልጊያለሽ?" አላት። አልፈራችም፣ አላባበለችም። በረከት ስጠኝ፣ የውኃ ምንጭም ጨምርልኝ አለችው። የላይኛውንም የታችኛውንም ምንጭ ሰጣት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር