ጅማ ቆላ ናት ወይስ ደጋ?

«ጅማ ቆላ አይደለችም እንዴ?» ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጃኬቱን እያወለቀ ይጠይቃል። አይደለችም። ወይና ደጋ ናት።

ክፍፍሉ በዋናነት የከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ቆላ፣ ከዚያ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ ይባላል። ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር ሲወረድ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ የጃኬቱ ነገር ከዚህ ነው።

የሚያምታታው ግቤ ነው። አውቶቡሱ ሸለቆውን ሲወርድ «በረሃ ገባን» ይባላል። (መስኮት ለመክፈት ግን አሁንም ጠብ አለ።) በከፍታ ከሄድን ግቤም ቆላ ነው። በረሃ የሚባለው ከ500 ሜትር በታች ያለው ነው።

«ቆለኛ ቁጡ፣ ደገኛ ዝምተኛ» የሚሉም አሉ። ለእኔ ወሬ ነው፤ ቁጡም ዝምተኛም እዚሁ ሰፈራችን ሞልቷል። አየሩ በርግጥ የወሰነው ቡናውን ነው። ቡና ውርጭም ሐሩርም አይወድም። የዛፍ ጥላና ለወራት የሚዘልቅ ዝናብ ይፈልጋል፤ ጅማ ሁለቱንም አላት። ጎረቤት ለአቦል ተጠርቶ በረካ ሳይጠጣ የማይነሳው ጠባዩ ሆኖ ነው ወይስ ቡናው ጓሮው ስለሚበቅል? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ።