«ፖሊሽ አድርጋትና ትታደስ»፦ ስለ ጥቁር መኪና ጭረት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ጥቁር ኮሮላውን ይዞ ደሴ የምሠራበት ጋራዥ መጣ። «ዒድ እየደረሰ ነው፣ ፖሊሽ አድርጋትና ትታደስ» አለኝ። ላለፈው ዒድ ሌላ ቦታ አስደርጎ ነበር፤ ለመውሊድም፤ በመሃል ደግሞ ለእህቱ ሰርግ። የቀለም ውፍረት መለኪያውን አወጣሁ። ጣሪያው 116 ማይክሮን አለ። ኮፈኑ 84። አልነካትም አልኩት። «አብሽር፣ ትንሽ ብቻ ነካ አድርጋት» ብሎ ለመነኝ። እንዲህ ያለው ልመና በየበዓሉ ዋዜማ ስለሚደጋገምብኝ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልገላገለው ብዬ ነው።

ፖሊሽ መኪና አያድስም። ቀለም ይቀንሳል። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ከብረቱ እስከ ላይኛው ሽፋን ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ከላይ ያለው፣ ቀለም የሌለውና የሚያብረቀርቀው ሽፋን፣ እኛ ክሊር የምንለው፣ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከሰው ጠጉር ይቀጥናል ማለት ነው፤ አንድ ጠጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ውፍረት አለው። የምታዩዋቸው ጭረቶች በዚህ ስስ ሽፋን ላይ የተቆፈሩ ትናንሽ ቦዮች ናቸው። ቦዩን ለዘለቄታው የሚሞላ ፖሊሽ የለም። እኛ የምናደርገው በዙሪያው ያለውን ሽፋን እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ፍቆ ዝቅ ማድረግ ነው። ቦዩ የጠፋው ዳርና ዳሩ ስለተወሰደ ነው። ለስለስ ያለ ፖሊሽ በአንድ ዙር ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ይወስዳል፤ ኮምፓውንድ የሚባለው ሸካራ መፋቂያ ቅባት ከበግ ጠጉር ፓድ ጋር ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። በዓመት ሦስት በዓል እየቆጠሩ ሒሳቡን መሥራት ነው።

ክሊሩ ለውበት ብቻ የተቀባ አይደለም። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ክሊሩ የሳሳ መኪና መጀመሪያ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ እንደ ቆረቆር ነጭ እየሆነ ይላጣል። ያኔ ፖሊሽ አያድነውም፣ ሰምም አያድነውም፤ ፍቆ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በገዛ እጄ አበላሽቼ ነው። ኮምቦልቻ ተለማማጅ ሳለሁ የአንድ አባባን ጥቁር መኪና ስፖልሽ ማሽኑን በር ጠርዝ ላይ ጥቂት ሰከንድ አቆየሁት። ጠርዝ ላይ ቀለም ሁልጊዜ ስስ ነው፤ ሲቀባ ከሹል ቦታ ይሸሻል፣ የማሽኑ ጫናም በሙሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ግራጫው የውስጥ ቀለም ብቅ አለ። አባባ ቀርበው በጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። በሩ እንደገና ተቀባ፤ የወር ደሞዜም በዚያው ሄደ። ዛሬ ጠርዝ ሁሉ ላይ ቴፕ ሳልለጥፍ ማሽን አላስነሳም። ፖሊሽ አድራጊያችሁ ቴፕ ካልለጠፈ፣ ውፍረት ካልለካ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ሌላው «ጭረቱ ክብ ክብ የሆነው አጣቢው እያዞረ ስላሸው ነው» የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ብዙ የተፈተገ የማይዝግ ብረት ትሪ ካለ አምፖል ሥር ያዙት። በአምፖሉ ነጸብራቅ ዙሪያ ክብ ክብ መስመር ታያላችሁ። ትሪውን ስታንቀሳቅሱት ክቡ አምፖሉን ተከትሎ ይሄዳል። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው፤ ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚመልሱት ግን በመብራቱ ዙሪያ አግድም የወደቁት ብቻ ስለሆኑ ክብ ይመስላሉ። መኪናውም ላይ ያው ነው። ስለዚህ «ቀጥ አድርጌ ነው የምጠርገው» የሚል ሰው መኪናውን እየጫረ አይደለም ማለት አይቻልም። የሚጭረው ጨርቁ ላይ ያለው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም።

ጥቁር ቀለም ከነጭ ይልቅ ለስላሳ ነው የሚሉም አሉ። ክሊር ያለው መኪና ከሆነ ከላይ ያለው ሽፋን ነጩም ላይ ጥቁሩም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ነጩም እኩል ተጭሯል። ጥቁር ብርሃን ስለሚውጥ ከጭረቱ ጠርዝ የሚበተነው ጥቂት ብርሃን ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነጭ ላይ ግን ይደበቃል። አንዳንድ የቆየ ጥቁር መኪና ክሊር የለውም። ስትፈትጉት ጨርቁ የሚጠቁር ከሆነ ቆሻሻው ወጣ ብላችሁ አትደሰቱ፤ እየወጣ ያለው ራሱ ቀለሙ ነው።

ጭረት በጥርስ ሳሙና ይጠፋል የሚሉስ? የሚፍቅ ዱቄት አለበት፣ ግን ለጥርስ የተመጠነ ነው፤ ጥቁር ቀለም ላይ ጉም ይተዋል።

ናፍጣና ዘይት ጭረቱን በቅባት ሸፍነው ለአንድ ቀን ያስመስሉታል። በማግስቱ የኮምቦልቻን መንገድ አቧራ በሙሉ ይሰበስባሉ፣ ያንን አቧራ ደግሞ በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ። ሰም ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እቀባለሁ፤ ጭረት ግን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። «ፖሊሽ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ሥራ ሦስት እጥበት ሳይሞላው ጭረቱ ከተመለሰ የተቀባላችሁ ሰም ነበር።

ሴራሚክ የሚባለውን መከላከያ ሽፋን የተቀባ መኪና አይጫርም የሚለውም ውሸት ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ድንጋይ አይፈራም ማለት አይደለም።

ጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን አሂዱት። ከያዘ በፖሊሽ የሚወጣ አይደለም፤ አውጣልኝ ብላችሁ አታስጨንቁን።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት። ወደ እኔ ከሚመጡት ጥቁር መኪናዎች አብዛኞቹን የጎዳቸው ጠዋት ጠዋት የሚደረግ ደረቅ ጨርቅ ነው። ሾፌሩ ተነስቶ ቡና ሳይጠጣ መኪናውን ይጠርጋል፤ ንጽሕና ይመስለዋል። የወሎ ደጋ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። መንገዳችን ላይ የሚፈሰው ጠጠርም ከእሱ የተፈጨ ነው። በውስጡ ያሉት ማዕድናት ከመኪና ክሊር በብዙ እጥፍ ይጠነክራሉ። ያ ድንጋይ ነው ደቅቆ ኮፈናችሁ ላይ የሚያርፈው፤ እሱን በደረቅ ጨርቅ መግፋት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ሰፈር ውስጥ ልጆች በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው የሚጽፉትም እንደዚያው ነው፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጽሑፉ ፓራፋንጎ ላይ ተነቦ ያየሁበት ጊዜ አለ። ውሃ ከሌለ መኪናው አቧራውን ለብሶ ይዋል። አቧራ ዝም ብሎ ተቀምጦ አይጭርም።

«ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በምን ልጠበው?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ግማሹን ምንም ሳትነኩ ለማራገፍ ብቻ አውሉት፤ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ ውስጥ እየሞላችሁ ከጣሪያ ወደ ታች ጨምቁት። ቀሪውን ለሁለት ባልዲ አካፍሉት፣ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ሰሙን ያነሳዋል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ሻምፖው ውስጥ ነክሩ፣ አንድ ክፍል እጠቡ፣ ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፉ፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው ተመለሱ። ከጣሪያ ጀምሩ፤ ከበሩ በታች ያለውንና ጎማውን መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ኮምቦልቻ ላይ በተለይ የጋለ ብረት ሳሙናውን ያደርቀዋል። ስታደርቁ አትፈትጉ፤ ፎጣውን አንጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።

ጨርቁ መሬት ከወደቀ ደግሞ አራግፋችሁ አትቀጥሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጎማ ጨርቅ ነው፤ ሌላ አምጡ።