አካላዊ እንቅስቃሴ ምንድን ነው? መታሸት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ «ስትሮክ የመታው ሰው ጠዋትና ማታ ከታሸ እንቅስቃሴውን ሠራ ማለት ነው» ሲል ሰማሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የማይል ሰው የለም። ጎረቤት ይለዋል፣ የታማሚ ልጆችም ይሉታል። አሁንስ በዛ።

አካላዊ እንቅስቃሴ የሚባለው የራስ ጡንቻ ሠርቶ፣ ጉልበት አውጥቶ ሲያንቀሳቅስ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ፍቺ ይኸው ነው። የግድ ስፖርት መሆን የለበትም። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ ይቆጠራል። ተሽከርካሪ ወንበርን በራስ እጅ መግፋትም ይቆጠራል። ልጁ የአባቱን ክንድ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ግን የሠራው የልጁ ጡንቻ ነው።

ጣና ላይ ሁለት ሰው በታንኳ ሲሄድ አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ይቀመጣል። ደሴቱ ጋ እኩል ይደርሳሉ። ክንዱ የሚጠነክረው ግን የቀዛፊው ነው። ተቀማጩ ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስ መቅዘፍ አይለምድም። ስትሮክ የመታው ሰው ሲታሽ እንደ ተቀማጩ ነው። መቅዘፊያውን ስጡት! አንድ ጎኑ ደካማ ነውና ታንኳዋ መጀመሪያ ትዞርበታለች። ትዙር። የተሠራችበት ደንገል ውሃ ሲጠጣና ስትከብድ ደግሞ ወጥታ ትደርቃለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። የሰውም እረፍት እንዲሁ ነው፤ ለመመለስ እንጂ ለመቅረት አይደለም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሕመም ያለባቸውን ድሮ «ይረፉ» እያሉ ዳር ላይ ያስቀሯቸው ነበር። የዛሬው ጥናት እረፍትም እንቅስቃሴም ያስፈልጋል ይላል።

«ታዲያ ወጌሻ አይጠቅምም ልትል ነው?» ይለኝ ይሆናል ተንታኙ። መታሸት ሰውነት ያፍታታል፣ ደስም ይላል። የምቃወመው በእንቅስቃሴ ቦታ መተካቱን ነው። ደግሞ የሽባውን ክንድ መጎተት ይቅር። ሰውየውን ከባጃጅ ሲያወርዱ ያንኑ ደካማ እጅ ይዘው የሚስቡ አሉ። ከስትሮክ በኋላ የትከሻ መገጣጠሚያ ስለሚላላ በዚህ ይጎዳል። በወገቡ ደግፉት፣ በእግሩ ራሱ ይግፋ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኛ አዋቂዎችም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ ቁጥር ያስደነገጠው ሰው አይተወው፤ ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል የሚለው ያው መመሪያ ነው።

ይህን ሰምቶ ታማሚውን በበነጋው የሚያስሮጥም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ ተነስተው ብዙ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት፣ ከሦስት ወር በኋላ የተሻሉት ከሌሎቹ ያነሱ እንደነበሩ አሳይቷል። የመነሻውን ጊዜ ሐኪም ይወስን።

የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝታችሁ ከሆነም ልብ በሉ። ህብለ ሰረሰሩ ከደረቱ መሃል በላይ የተጎዳ ሰው ልቡ እንደሌላው ሰው ላይፈጥን ይችላል። ሰዓቱ «አልሠራህም» ሲለው እሱ በድካም ዝሎ ይሆናል። ምን ያህል እንደከበደው ራሱን ጠይቁት።