ሙስና በዓለምና በአፍሪካ የእግር ኳስ አስተዳደር፤ አጠቃላይ ዳሰሳ

በእግር ኳስ አስተዳደር ሙስና ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የተሸጠ ጨዋታ ነው። ትልቁ ገንዘብ የሚዞረው ግን ከሜዳ ውጪ ነው፤ የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ሲመረጥ፣ የቴሌቪዥን ስርጭት መብት ሲሸጥ፣ የልማት ድጋፍ ለፌዴሬሽኖች ሲከፋፈል፣ ትኬት ሲደለደል። ጉዳዩን በአማርኛ አንድ ላይ ሰብስቦ የያዘ ጽሑፍ በቀላሉ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ በሐዋሳ ለክለብ አመራሮች፣ ለደጋፊ ማኅበራትና ለዳኞች እንዲያገለግል ተሰናድቷል። የፍርድ ቤት መዝገብና የምርመራ ሰነድ ያለባቸው ዓመታት ሰፋ ብለው ቀርበዋል። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድምፁ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል

ፊፋ 211 አባል ፌዴሬሽኖች አሉት። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ብራዚልም ሆነች ቤርሙዳ ያላቸው አንድ አንድ ድምፅ ነው። ከአባላቱ 54ቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስለሆኑ የአፍሪካን ድምፅ ጠቅልሎ የያዘ ዕጩ ከሩብ በላይ የሆነውን ድምፅ በእጁ አስገብቷል ማለት ነው። አፍሪካ በየምርጫው ዋዜማ የምትጎበኘውና የምትደገሰው በዚህ ምክንያት ነው። የሐዋሳ ሰውም በሰንሰለቱ ውስጥ አለ፤ የክለብና የክልል ፌዴሬሽን ወኪሎች በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣሉ፣ በጉባኤው የተመረጠው አመራር ደግሞ በካፍና በፊፋ ጉባኤ የአገሪቱን ድምፅ ይሰጣል።

የዓለም ዋንጫ አዘጋጅን እስከ 2010 ድረስ ይመርጥ የነበረው 24 ሰዎች ያሉት ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ነው። 13 ሰው ከተገኘ ነገሩ አለቀ። በድብቅ ይሰጥ ስለነበር ማን ለማን ድምፁን እንደሰጠ የሚያሳይ ወረቀት አይቀርም። በኋላ ሥልጣኑ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ተዛውሮ የ2026 አዘጋጆች በ2018 ሞስኮ ላይ 134 ለ65 ሲመረጡ የእያንዳንዱ አገር ድምፅ ይፋ ሆኗል።

የስርጭት መብትና አይኤስኤል

ፊፋ በ1904 ፓሪስ ላይ ከተመሠረተ አንስቶ እስከ 1974 ድረስ ብዙ ገንዘብ ያልነበረው ድርጅት ነበር። ብራዚላዊው ዦአኦ አቬላንጅ በ1974 ሲመረጥ ስፖንሰርና ቴሌቪዥን መጡ። የአዲዳስ ቤተሰብ አባል የሆነው ሆርስት ዳስለር በ1982 አይኤስኤል የተባለውን የግብይት ኩባንያ አቋቋመ። አሠራሩ በኋላ ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። ኩባንያው መብቱን ከፊፋ በጅምላ ይገዛል፣ ለጣቢያዎች በችርቻሮ ይሸጣል፣ ከትርፉ ላይ ደግሞ ውሉን ለፈረሙለት ባለሥልጣናት "ኮሚሽን" ይከፍላል። ክፍያው በግለሰቡ ስም አይወጣም። በሊችተንስታይን በተቋቋመ ፋውንዴሽንና በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች በተመዘገበ የስም ኩባንያ በኩል ዞሮ ይደርሳል።

ነገሩ የወጣው በጠቋሚ ሳይሆን በኪሳራ ነው። አይኤስኤል በ2001 ሲከስር የሒሳብ አጣሪዎች የጠፋውን ገንዘብ ፍለጋ መዝገቡን ገለጡ። በ2008 በስዊዘርላንድ ዙግ ከተማ በተካሄደው ችሎት ከ1989 እስከ 2001 ባለው ጊዜ 138 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በዚህ መንገድ መከፈሉ ተሰማ። በ2012 ይፋ በሆነው የዓቃቤ ሕግ ሰነድ አቬላንጅ በ1997 ብቻ 1.5 ሚሊዮን፣ አማቻቸው ሪካርዶ ቴሼራ ከ1992 እስከ 1997 ቢያንስ 12.74 ሚሊዮን ፍራንክ ተቀብለዋል። ሁለቱ የመለሱት በድምሩ 3 ሚሊዮን ነው። በወቅቱ የስዊዘርላንድ ሕግ በግል ድርጅት ውስጥ የሚሰጥ ጉቦን እንደ ወንጀል ስለማይቆጥር በዚህ ማንም አልታሰረም። ያ ክፍተት በሚገባ የተዘጋው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ነው።

ካፍ፦ ከይድነቃቸው እስከ ሀያቱ

ካፍን በ1957 ካርቱም ላይ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ያቆመችው ኢትዮጵያ ናት። ከ1972 ጀምሮ በ1987 ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስ የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከውድድር ውጪ በማድረግና አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ተጨማሪ ቦታ እንድታገኝ በመሟገት ስማቸው ከድርጅቱ ጋር አብሮ ይነሳል።

በ1988 የተተኩት ካሜሩናዊው ኢሳ ሀያቱ 29 ዓመት ቆዩ። ሀያቱ በ1995 ከአይኤስኤል 100,000 የፈረንሳይ ፍራንክ መቀበላቸው ተገልጾ በ2011 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተግሣጽ ሰጥቷቸዋል። እርሳቸው ገንዘቡ ለካፍ 40ኛ ዓመት በዓል የዋለ ነው ብለዋል። በ2016 ከፈረንሳዩ ኩባንያ ከላጋርዴር ጋር የተፈረመውን የ1 ቢሊዮን ዶላር የስርጭት ውል ተከትሎ በ2021 የተጣለባቸውን የአንድ ዓመት እገዳ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ካስ በቀጣዩ ዓመት ሽሮታል።

የ2018ና የ2022 የዓለም ዋንጫ አዘጋጆች በ2010 ከመመረጣቸው በፊት የነበረው ግብዣ ደግሞ በራሱ መታየት አለበት። በጥር 2010 ሉዋንዳ ላይ የተካሄደውን የካፍ ጉባኤ ኳታር በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ስፖንሰር አድርጋ ለልዑካኑ ዕቅዷን የማቅረብ ዕድል ያገኘች ብቸኛዋ ተወዳዳሪ ሆነች። በደንቡ መሠረት ጥፋት አልተባለም፤ ደንቡ ራሱ ልል እንደነበር ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ናይጄሪያዊው አሞስ አዳሙ የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ባዘጋጁት ወጥመድ ለአራት ሰው ሠራሽ ሜዳዎች 800,000 ዶላር ሲጠይቁ ተቀርፀው ታገዱ። ጥያቄው ሜዳ ለማሠራት ቢባልም ገንዘቡ በግል እንዲሰጣቸው ነበር የፈለጉት። ታኅሣሥ 2 ቀን 2010 ዙሪክ ላይ ከሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው የቀሩት 22 ሰዎች (ሌላ አንድ አባልም ታግዶ ነበር) 2018ን ለሩሲያ፣ 2022ን ለኳታር ሰጡ። የአሜሪካ ዓቃብያነ ሕግ በ2020 ባቀረቡት ክስ ለሁለቱም ምርጫ ጉቦ የተቀበሉ እንዳሉ ቢያመለክቱም ሁለቱ አገሮች አስተባብለዋል።

የፖርት ኦፍ ስፔን ፖስታ

ኳታራዊው መሐመድ ቢን ሃማም በ2011 የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ሴፕ ብላተርን ለመተካት ይወዳደሩ ነበር። በግንቦት ወር የካሪቢያን ፌዴሬሽኖች ልዑካን በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በሚገኘው ሃያት ሆቴል ተሰብስበው ንግግራቸውን ሰሙ። ከሰዓት በኋላ "ስጦታ አለ" ተብለው አንድ በአንድ ወደ አንድ ክፍል ተጠሩ። የባሃማስ ምክትል ፕሬዚዳንት ፍሬድ ለን የተሰጣቸውን ፖስታ ሲከፍቱ አራት እስር ባለ 100 ዶላር ኖት፣ በድምሩ 40,000 ዶላር አገኙ። ለአለቃቸው ደወሉ፣ ገንዘቡን ፎቶ አነሱ፣ መለሱ። ቢን ሃማምን ከምርጫው ያስወጣቸውና የፊፋ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩትን ጃክ ዋርነርን ሥልጣን ያስለቀቃቸው ይህ ፎቶ ነው። ከኳሱ ዓለም ሰዎች መካከል ፍሬድ ለን ያደረጉትን ያህል በቀላል ነገር ትልቅ ሥራ የሠራ ጥቂት ነው።

ግንቦት 27 ቀን 2015

ከዋርነር ጎን ሆነው የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እንዲሁም የካሪቢያን ኮንፌዴሬሽን የሆነው የኮንካካፍ ዋና ጸሐፊ የነበሩት አሜሪካዊው ቸክ ብሌዘር ግብር አለመክፈላቸው ሲደረስበት ከመርማሪዎች ጋር ተስማሙ። በ2013 ጥፋታቸውን ሲያምኑ ለ1998ና ለ2010 የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ምርጫ ከሌሎች ጋር ጉቦ መቀበላቸውን ተናገሩ። ብራዚላዊው የስርጭት ነጋዴ ዦዜ አዊላ በ2014 አምነው 151 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማሙ። በግንቦት 27 ማለዳ የስዊስ ፖሊስ ዙሪክ በሚገኘው ቦር ኦ ላክ ሆቴል ሰባት ባለሥልጣናትን ያዘ። የአሜሪካው ክስ በ24 ዓመት ውስጥ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉቦ ተከፍሏል ይላል።

በክሱ ውስጥ ስለ ኮፓ አሜሪካ የተጻፈው ክፍፍል አሠራሩን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ለአንድ ውድድር 20 ሚሊዮን ዶላር ይመደባል፤ ለኮንሜቦል (የደቡብ አሜሪካ ኮንፌዴሬሽን)፣ ለብራዚልና ለአርጀንቲና ፕሬዚዳንቶች ለእያንዳንዳቸው 3 ሚሊዮን፣ ለሌሎች ሰባት ፌዴሬሽኖች ፕሬዚዳንቶች ለእያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊዮን፣ ለአንድ ተጨማሪ ባለሥልጣን 500,000። እያንዳንዱ እንደ ክብደቱ ይደርሰዋል፤ የማይደርሰው ባለመኖሩም የሚናገር አይኖርም።

በ2008 ፊፋ ለዓለም ዋንጫ ዝግጅት ለደቡብ አፍሪካ ከሚሰጠው ድርሻ ላይ ተቀንሶ በዋርነር እጅ የገባው 10 ሚሊዮን ዶላር እስካሁን ያከራክራል። ዓቃብያነ ሕጉ ለ2010 የዓለም ዋንጫ አዘጋጅነት ድምፅ የተከፈለ ነው ሲሉ ደቡብ አፍሪካ ለካሪቢያን አፍሪካውያን የልማት ድጋፍ ነው ብላለች። አፍሪካ የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ በብቃት ማስተናገዷን ግን ውድድሩ ራሱ አሳይቷል። ብላተር ፈቅደው ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለሚሼል ፕላቲኒ በ2011 በተከፈለው 2 ሚሊዮን ፍራንክ ምክንያት ሁለቱም ቢታገዱም በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2022ና በ2025 ነፃ ወጥተዋል።

አዲስ አበባ 2017 እና ከዚያ ወዲህ

መጋቢት 16 ቀን 2017 በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ የማዳጋስካሩ አህማድ አህማድ ሀያቱን 34 ለ20 አሸነፉ። ለውጡ ታሪካዊ ነበር፤ ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። በ2019 የካፍ ዋና ጸሐፊ አምር ፋህሚ ለፊፋ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ አስገቡ። አቤቱታቸው ሁለት ነገር በዝርዝር ያነሳ ነበር። አንደኛው ለአንዳንድ የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንቶች ሒሳብ 20,000 ዶላር እንዲገባ ታዝዟል የሚል ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ከአምራቹ ከፑማ ሊገዛ የነበረ የስፖርት ትጥቅ ተሰርዞ ታክቲካል ስቲል በተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ በኩል ሲገዛ ወጪው 830,000 ዶላር ያህል ጨምሯል የሚል ነበር። ግዥ ላይ ለሠራ ሰው መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ ጊዜ አጠረ ይባላል፣ ጨረታ ይቀራል፣ መካከል ላይ አቅራቢ ይገባል። ፋህሚ ከሥራ ተባረሩ፣ በካንሰር ሲሰቃዩ ቆይተውም በየካቲት 2020 አረፉ። አህማድ ክሱን ቢያስተባብሉም በኅዳር 2020 ለአምስት ዓመት ታገዱ፤ ካስ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገው። በ2021 ፓትሪስ ሞትሴፔ በቦታቸው ተተኩ።

የካፍ አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጋናዊው ክዌሲ ኒያንታኪ በ2018 ባለሀብት መስለው ከቀረቧቸው ጋዜጠኞች 65,000 ዶላር ተቀብለው በጥቁር ፌስታል ሲከቱ ታዩ። ዕድሜ ልክ የተባለው እገዳቸው ወደ 15 ዓመት ተቀንሷል። ከምርመራ ቡድኑ አባላት አንዱ አህመድ ሁሴን ሱአሌ በጥር 2019 አክራ ውስጥ በጥይት ተገደለ።

ዳኞችና ውርርድ

ኅዳር 12 ቀን 2016 ፖሎክዋኔ ላይ ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን 2 ለ1 ስታሸንፍ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምቴ ኳሱ የሴኔጋሉን ተከላካይ የኩሊባሊን እጅ ነክቷል ብሎ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ኳሱ የነካው የተጫዋቹን ጉልበት ነበር። ዳኛው የተያዘው በስህተቱ ብቻ አይደለም፤ በግብ ብዛት ላይ በጨዋታው መካከል ያልተለመደ ውርርድ መግባቱን ተቆጣጣሪ ድርጅቶች ስላዩ ነው። ዕድሜ ልክ ታገደ፣ ጨዋታው ተደገመ፣ ሴኔጋልም አሸንፋ ወደ ሩሲያ ሄደች። በሐዋሳ በፒያሳም ሆነ በአቶቴ ውርርድ ቤት ተቀምጦ በግብ ብዛት ላይ የሚወራረድ ወጣት ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው፤ ጨዋታ ሻጮቹ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት አሸናፊን ሳይሆን የግብ ብዛትን ነው፤ ምክንያቱም አንድ ፍፁም ቅጣት ምት ይበቃዋል።

ሌላው ተጋላጭ ቦታ መስተንግዶ ነው። በአህጉራዊ ጨዋታ የዳኞችን ሆቴልና የአገር ውስጥ ትራንስፖርት ለረጅም ጊዜ የሸፈነው አስተናጋጁ ነው። አቀባበሉ ወደ ስጦታ የሚሸጋገረው እዚያ ላይ ነው። የፊፋ ሥነ ምግባር ደንብ መለኪያው ግልጽ ነው፤ የመታሰቢያ ዕቃ አነስተኛ ዋጋ ካለው ይፈቀዳል፣ ጥሬ ገንዘብ በማንኛውም መጠን አይፈቀድም፣ የቀረበለትን ያላመለከተም ይጠየቃል።

የእኛ አገር ሁኔታና ሕጉ

ሐዋሳ ከተማ ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ያወጣ የመጀመሪያው ክለብ ነው፤ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ አንስቷል። እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ክለቦች የሚተዳደረው በመንግሥት በጀት ነው። እንዲህ ባለ አወቃቀር አደጋው የሚያንዣብበው በተጫዋች ዝውውር ላይ ነው፤ የፊርማ ገንዘብ፣ የአማላጅ ድርሻ፣ ከውል ውጪ ክፍያ። ፌዴሬሽኑ በ2019 የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ብሎ ሲወስን ዓላማው ወጪን መቀነስ ነበር። ይሁን እንጂ ጣሪያ ሲኖርና የክለቡ ባንክ ሒሳብ ሳይመረመር ሲቀር ልዩነቱ በሌላ ስም ይወጣል፤ ስለዚህ ውሉንና የባንክ መግለጫውን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ፊፋ ፎርዋርድ በተባለው ፕሮግራም ከ2023 እስከ 2026 ለእያንዳንዱ ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል፤ 5ቱ ለሥራ ማስኬጃ፣ 3ቱ ለፕሮጀክት። ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ መግባትና በየዓመቱ መመርመር አለበት።

መንግሥት ሙስና አለ ብሎ ፌዴሬሽን ሲያፈርስ ፊፋ አገሩን ያግዳል። ኬንያ በ2022 የደረሰባት ይኸው ነው። ኢትዮጵያም በ2008 በአመራር ውዝግብ ታግዳ ከ2010 ማጣሪያ ወጥታለች። ግለሰብን በወንጀል መክሰስ ግን ጣልቃ ገብነት አይደለም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድርን ሕዝባዊ ድርጅት ስለሚያካትት የስፖርት ማኅበር አመራርም ይጠየቅበታል።

ለፊፋ ጥቆማ ማንም ሰው ስሙን ሳይገልጽ በድርጅቱ የጥቆማ መቀበያ ገጽ ማስገባት ይችላል። ቀን፣ መጠን፣ የሒሳብ ቁጥርና ውሉ ካልተያያዘ ምርመራ የመከፈት ዕድሉ ጠባብ ነው። ጉቦ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ቢያንስ 100,000 የስዊስ ፍራንክና የአምስት ዓመት እገዳ ሲሆን፣ የተቀጣው ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ለካስ ይግባኝ ማለት ይችላል።