ሉዚንግ ሲዝን ምንድን ነው?

2022 ሰመር ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ኡበር እነዳ ነበር። ኦገስት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ምሽት ከቤዝቦል ቡድኑ ከናሽናልስ ስታዲየም ደጃፍ አንድ አዛውንት ጫንኩ። ቀይ ኮፍያ አድርገዋል። ግማሹ የተበላ የኦቾሎኒ ከረጢት ይዘዋል።

«ጨዋታው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«አሸነፍን» አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ የለም። «ምን ዋጋ አለው? ሉዚንግ ሲዝን ነው።»

ነገሩ አልገባኝም። ያሸነፈ ሰው እንዴት ዓመቱን ተሸንፌያለሁ ይላል? ውድድሩ ሊያልቅ ደግሞ ገና ከወር በላይ ይቀረዋል። ቤታቸው እስክንደርስ አስረዱኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም የቤዝቦል ሱስ ያዘኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል። አቻ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኙ ዙር አልቆ እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። የ162 ግማሽ 81 ነው። ስለዚህ 82ኛው ሽንፈት የገባ ዕለት የዚያ ቡድን ዓመት ሉዚንግ ሲዝን ይሆናል፤ ቀሪውን ሁሉ ቢያሸንፍም አይለወጥም። የሽማግሌው ቡድን ያንን መስመር ኦገስት ላይ አልፎታል። ዓመቱን ሲጨርስ 55 አሸንፎ 107 ተሸንፎ ነበር።

እኩል ያሸነፈና የተሸነፈ ቡድን ደግሞ «አምስት መቶ ነው» ይባላል። 81 ለ162 ሲካፈል 0.500 ይመጣል፤ እነሱ ነጥቡን ትተው ያነቡታል። «ዘንድሮ አምስት መቶ እንኳ ከገባን ይበቃናል» የሚል ደጋፊ ከሰማችሁ የሚመኘው ዋንጫ አይደለም። እፍረት እንዳይነካው ነው።

እኛ የእግር ኳስ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል አለብን። ቤዝቦል ውስጥ መሸነፍ የዕለት እንጀራ ነው። በ2024 ዋንጫውን የወሰደው የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በመደበኛው ውድድር 64 ጊዜ ተሸንፏል። ሻምፒዮን ሆኖ! የጨዋታው ሰዎች አንድ የቆየ አባባል አላቸው፦ ማንም ቡድን ቢሆን ከጨዋታዎቹ አንድ ሦስተኛውን ያሸንፋል፣ አንድ ሦስተኛውን ይሸነፋል፤ ልዩነቱ ያለው በቀረው ሦስተኛ ላይ ነው። ሦስተኛው ማለት 54 ጨዋታ ነው። ምክንያቱም ኳስ ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ በጨዋታው ውጤት ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ከባድ ወርዋሪ ደግሞ በየቀኑ አይወረውርም፤ ክንዱ ካላረፈ ይጎዳል፤ በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ደካማው ቡድንም ቀን ይወጣለታል።

በዚህ የተነሳ 82 ወይም 85 ጊዜ መሸነፍ ብዙም አያስወራም። የሚያስደነግጠው መስመር 100 ነው። ከ100 በላይ የተሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ ሻንጣውን ማዘጋጀት አለበት።

አሁን 121ን አስቡት።

የቺካጎው ዋይት ሶክስ በ2024 ያሸነፈው 41፣ የተሸነፈው 121 ነው። ያንን «ለማንም ቡድን የማይቀር» የተባለውን 54 ድል እንኳ አላገኘም። ከ1900 ወዲህ በአንድ ዓመት ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም። ከዚያ በፊት ሪከርዱ የኒው ዮርክ ሜትስ ነበር፤ በ1962፣ በተመሠረተበት ዓመት፣ 120 ጊዜ ተሸንፎ። ሜትስ ግን ሰበብ ነበረው፤ ሌሎች ቡድኖች አንፈልጋቸውም ያሏቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ የተቋቋመ ቡድን ነው። ዋይት ሶክስ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ በ2005 ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው። (ከ1900 በፊት የባሰ አለ። በ1899 የክሊቭላንዱ ስፓይደርስ 20 አሸንፎ 134 ተሸነፈ። ባለቤቶቹ የሴንት ሉዊስን ቡድንም ገዝተው ጥሩ ጥሩዎቹን ተጫዋቾች ወደዚያ አዘዋወሯቸው። ክሊቭላንድን ባዶ ሜዳ ላይ ጣሉት ማለት ነው። እሱን ሉዚንግ ሲዝን ማለት ይከብዳል፤ ዘረፋ ነው።)

ዋይት ሶክስ በአንድ ቀን አልወደቀም። በ2021 93 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን መርቷል። በ2022 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ፤ ልክ አምስት መቶ፣ ቁጭ። በ2023 61 አሸነፈ። በ2024 41። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል እዩአቸው፤ በየዓመቱ ሃያ ሃያ እየቀነሰ ደረጃ የሚወርድ ሰው ይመስላል።

የ2024ን ውድድር 3 አሸንፎ 22 ተሸንፎ ጀመረ። ሜይና ጁን ላይ 14 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ይህ የባሰው ነው ሲባል ጁላይ 10 ሌላ ጀመረ፤ እስከ ኦገስት 5፣ 21 ጨዋታ በተከታታይ። እስቲ አስቡት። አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ በየቀኑ ሜዳ ትገባላችሁ፣ በየቀኑ ተሸንፋችሁ ትወጣላችሁ። በነጋታው ኦክላንድ ላይ 5 ለ 1 ሲያሸንፉ ተጫዋቾቹ ዋንጫ የወሰዱ ያህል ተቃቀፉ። ከሁለት ቀን በኋላ አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል ተባረረ።

ለእኔ የዚያን ዓመት መልክ በደንብ የሚያሳየው ግን የሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። 120ኛው ሽንፈት ሳን ዲየጎ ላይ ገባና ሪከርዱ እኩል ሆነ። አንድ ሽንፈት ብቻ ቀረ። ቡድኑ ወደ ቺካጎ ተመልሶ ከኤንጀልስ ጋር ሦስት ጨዋታ ነበረው። ታሪክ ሲሠራ ለማየት ትኬት ቆርጦ የመጣ ደጋፊ ነበር፤ ታሪኩ ሽንፈት መሆኑ ነው ጉዱ። ቡድኑም እልህ ያዘው መሰል ሦስቱንም አሸነፈ። ሕዝቡ በድል መሃል «ቡድኑን ሽጠው! ሽጠው!» እያለ ባለቤቱ ላይ ይጮህ ነበር። 121ኛው በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 27፣ ዲትሮይት ሄዶ ተገኘ፤ 4 ለ 1። ዲትሮይት ታይገርስ በዚያች ድል ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ ወደሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ አለፈ። ሜዳው ላይ ጭፈራ ነው። እንግዶቹ ጓንታቸውን ሰብስበው በጓሮ ወጡ።

እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ይህ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ደርቢ ካውንቲ በ2007/08 ከ38 ጨዋታ አንድ ብቻ አሸንፎ፣ 11 ነጥብ ይዞ፣ ከፕሪሚየር ሊግ ወርዷል። ሜጀር ሊግ ውስጥ መውረድ የለም። ሠላሳው ቡድን ሠላሳ ነው፤ መጨረሻ የወጣው በሚቀጥለው ማርች ከሻምፒዮኑ እኩል ከዜሮ ይጀምራል። በአገር አቀፍ የቴሌቪዥን ውል የሚገኘው ገንዘብም ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። መሸነፍ ያሳፍራል እንጂ አያዘጋም።

እንዲያውም የሚክስበት መንገድ አለ። ድራፍት ይባላል። በየዓመቱ ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ። ለረጅም ዘመን ደንቡ ቀላል ነበር፤ የባሰ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። ዋሽንግተን ናሽናልስ፣ የሽማግሌው ቡድን፣ በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 103 ጊዜ ተሸነፈና ስቲቨን ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን ተከታትሎ አንደኛ መረጠ። በ2012 98 ጨዋታ አሸነፈ። ስትራስበርግ በ2019 ዋንጫውን ሲወስዱ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ።

ይህን ያየ ሁሉ ማስላት ጀመረ። ለምን መካከለኛ ሆነን እንንፏቀቃለን? ውዶቹን ተጫዋቾች እንሽጥ፣ ሁለት ሦስት ዓመት እንሸነፍ፣ ልጆች እንሰብስብ። ለዚህ ስም አላቸው፤ «ታንኪንግ» ይሉታል። ሂውስተን አስትሮስ ከ2011 እስከ 2013 ሦስት ዓመት በተከታታይ 106፣ 107 እና 111 ጊዜ ተሸነፈ። በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ ተጋጣሚዎቹ ቀጣዩን ውርወራ የሚነጋገሩበትን የእጅ ምልክት በካሜራ ይሰርቅ እንደነበር ስለተጋለጠ ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ የሽንፈቱን ስልት ግን ብዙዎች ቀድተውታል።

ዋይት ሶክስ ራሱ ከቀጂዎቹ አንዱ ነው። በ2016 መጨረሻ ኮከቡን ክሪስ ሴልን ለቦስተን ሰጥቶ ልጆች ወሰደ። ከልጆቹ አንዱ ማይክል ኮፔክ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ያ ሁሉ ጥበቃ ያፈራው ሁለት የፕሌይኦፍ ዓመት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። 2024 ጁላይ ላይ ኮፔክንም ለዶጀርስ ሸጠው። ኮፔክ ከመጨረሻው ቡድን ወጥቶ በሦስት ወር ገደማ ሻምፒዮን ሆነ። ክሪስ ሴል ደግሞ በዚያው ዓመት ለአትላንታ ሲወረውር የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች የአንዱ) ምርጥ ፒቸር ተብሎ ተሸለመ። ከቺካጎ የወጣ ሁሉ ቀናው።

ሊጉ በበኩሉ ታንኪንግን ለመግታት ከ2023 ጀምሮ ሎተሪ አስገባ። ፕሌይኦፍ ያልገቡ ቡድኖች ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ እኩል ዕድል አላቸው። ሌላም አንቀጽ አለው፤ ከትልቅ ከተማ የሆነ ሀብታም ክለብ በሎተሪው የሚወጣ ተራ በተከታታይ ዓመት ማግኘት አይችልም። ዋይት ሶክስ በ2024 አምስተኛ መርጧል። ስለዚህ 121 ጊዜ ተሸንፎ የተሰጠው 10ኛ ተራ ነው። ያን ሁሉ መዋረድ ተዋርዶ ደሞዙን እንኳ አልወሰደም።

በ2025 60 አሸንፎ 102 ተሸነፈ። በአንድ ዓመት 19 ድል መጨመር ትልቅ ነገር ነው፤ አሁንም ግን ሉዚንግ ሲዝን ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሎተሪው በመጨረሻ ወጣለትና የ2026ን አንደኛ ምርጫ አገኘ።

ዋይት ሶክስ ያጣውን የ2025ን አንደኛ ዕጣ ማን ወሰደው? የሽማግሌዬ ቡድን፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ። ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የኦክላሆማ ልጅ መረጡ። ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነው። ትልቁ ሜዳ ላይ እስኪቆም ዓመታት መጠበቅ ነው። ናሽናልስ ያን ዓመት 96 ጊዜ ተሸነፈ፤ ስድስተኛ ተከታታይ ሉዚንግ ሲዝን። አዛውንቱን ከዚያ ምሽት በኋላ አላገኘኋቸውም። ኦቾሎኒያቸውን ይዘው አሁንም እንደሚሄዱ ግን እወራረዳለሁ።