ካሜራ ከጨመርን በኋላ ቴሌስኮፑ ለምን ይንገዳገዳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቴሌስኮፕ ጨረቃን አይቶ የተደሰተ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዕቃ መጨመር ይጀምራል። ካሜራ፣ ትልቅ አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ)፣ ጤዛ የሚከላከል ማሞቂያ። ከዚያ ፎቶው ላይ ኮከቡ እንደ ሰረዝ ተጎትቶ ይወጣል፤ ሞተሩም ያቃስታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሚዛን ነው። የማወራው ስለ ኢኳቶሪያል ማውንት ነው፤ አንዱ ዛቢያው ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ ተነጣጥሮ ኮከብን በሞተር ስለሚከተለው መቆሚያ።

«300 ግራም ምን ያመጣል?»

ብዙ ያመጣል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ያዙት፤ ቀጥሎ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሞክሩት። ጀሪካኑ ያው ነው፤ የከበደው ርቀቱ ነው። ከዛቢያው 50 ሳንቲሜትር ርቆ የታሰረ 300 ግራም፣ 5 ኪሎ የሚመዝነውን ቱቦ ከሚዛኑ 3 ሳንቲሜትር ከመግፋት እኩል ነው።

«ባዶውን ቱቦ ላስተካክል፣ ዕቃውን በኋላ እሰካለሁ።»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ሚዛን የሚሠራው ሁሉም ነገር ከተሰካ በኋላ ነው፤ ክዳኑ ተነስቶ፣ ገመዱ ታስሮ፣ ካሜራው ፎከስ የሚያደርግበት ቦታ ድረስ ወጥቶ። መጀመሪያ የማመጣጠኛውን ዘንግ (ከቱቦው በተቃራኒ ክብደት የሚሰካበትን ብረት) አግድም አድርጋችሁ እሰሩት። ቱቦውን በእጃችሁ ደግፋችሁ የዴክሊኔሽኑን፣ ማለትም የቱቦውን አፍንጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዛቢያ፣ ማሰሪያ አላሉት። አፍንጫው ከወደቀ ቱቦውን ሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ኋላው ከወደቀ ወደ ፊት ግፉት። ይሄ ሲያልቅ በሌላኛው፣ ወደ ዋልታው በተነጣጠረው ዛቢያ፣ ማመጣጠኛውን ክብደት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አንሸራትቱ።

አደራ፣ ሁለቱም እጆቻችሁ ነፃ ይሁኑ። እኔ አንድ ማታ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ በሌላው ቡሎኑን ፈታሁት። ቱቦው ዞሮ ከትራይፖዱ እግር ጋር ተጋጨ። ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት ዛሬም አለ።

«አግድም ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ አለቀ።»

አላለቀም። ኒውቶኒያን በሚባለው ባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራው የሚሰካው በጎን ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙና ልቀቁት፤ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ፋይንደሩን (ለማነጣጠር የተሰካውን ትንሽ ቴሌስኮፕ) ወደ ተቃራኒው ጎን ውሰዱት።

«ማሰሪያውን ማጥበቅ በቂ ነው።»

ማጥበቅ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም። ጭነቱን ሌሊቱን ሙሉ የሚሸከሙት የማርሹ ጥርሶች ናቸው።

«ቀላል ክብደት ዘንጉ ጫፍ ላይ ቢሆን ይሻላል።»

2.5 ኪሎ በ40 ሳንቲሜትር ላይ እና 5 ኪሎ በ20 ሳንቲሜትር ላይ እኩል ያመጣጥናሉ። ግን ጫፍ ላይ ያለው ለማዞርም ለማስቆምም እጥፍ ይከብዳል፤ ነፋስ ሲነካው ቶሎ አይረጋም። ከባዱን ወደ ዛቢያው አስጠጉት።

«ሚዛኑ ፍጹም እኩል መሆን አለበት።»

ለዓይን እይታ ችግር የለውም። ለፎቶ ግን በማርሹ ጥርሶች መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ፍጹም እኩል ከሆነ ጥርሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ስለዚህ የምሥራቁን ጎን በጣም በትንሹ ከበድ አድርጉት፤ ሞተሩ ሁልጊዜ አንዱን የጥርስ ገጽ ይገፋል። ቱቦው ወደ ሌላኛው ጎን ሲገለበጥ ግን እንደገና ማስተካከል አለ።

«የውጭው መመሪያ አዲስ አበባም ይሠራል።»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51 ዲግሪ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ፤ ዛቢያው ከአግድም ቀና የሚለውም በዚሁ ልክ ነው። እኛ ጋ ዛቢያው ሊተኛ ምንም አይቀረውም፤ አንዳንድ ማውንት እስከዚያ ዝቅ ማለትም አይችልም። ጭነቱም ከትራይፖዱ መሃል ወደ ሰሜን ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ካሜራ ሲጨመርበት መገልበጥ ይመጣል። አንዱን እግር ወደ ሰሜን አዙሩ። ያኔ ደግሞ ማመጣጠኛው ከዚያው እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ በትራይፖዱና በማውንቱ መካከል የሚገባ አጭር ምሰሶ ካገኛችሁ ይገላግላችኋል። ካላገኛችሁ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና የት ጋ እንደሚነካ እዩ።